ከይፋት ቆላ እስከ ጅዳ፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ሰዓት

የይፋት ቆላዋ ከተማ ሸዋ ሮቢት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10 ዲግሪ ኬክሮስ፣ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ ደግሞ በ39 ዲግሪ ከ54 ደቂቃ ገደማ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች፤ የመካ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ያህል በመሆኑ፣ ሁለቱን ከተሞች በምሥራቅና በምዕራብ በኩል የሚለያያቸው ስፋት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ከተማዋ በምትገኝበት በቀወት ወረዳና በአካባቢው ባሉ የይፋት ቆላ መንደሮች ወደ ቂብላ የሚዞር ሰጋጅ ፊቱን የሚያቀናው ከሞላ ጎደል ወደ ትክክለኛው ሰሜን ሲሆን፣ ከዚያ አቅጣጫ ሳይዛነፍ መጓዝ የሚችል ቢኖር የወሎንና የአፋርን ምድር፣ የኤርትራን ጠረፍና ቀይ ባሕርን አቋርጦ መካ በደረሰ ነበር። የመካ ኬክሮስ 21 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 11 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ነው፤ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ ማንኛውም ተማሪ እርሳስና ወረቀት ይዞ ቢያባዛ ርቀቱ ወደ 1,265 ኪሎሜትር እንደሚጠጋ ያገኘዋል። አብራሪዎችና መርከበኞች የሚሠሩበት ኖቲካል ማይል የሚባለው መለኪያም ከዚሁ ስሌት የተወለደ ነው፤ ዲግሪው በ60 ደቂቃ ሲከፈል አንዱ ደቂቃ አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ይሆናልና።

ይህ አኃዝ የይፋትን ሰው ሊያስገርመው ይችላል፤ ምክንያቱም ከዚህ ቆላ ተነሥተው ሳዑዲ ዓረቢያ የገቡ ሰዎች የጉዞአቸውን ርዝመት ሲያወሱ የሚቆጥሩት በቀን፣ በሳምንት፣ ሲከፋም በወር እንጂ በኪሎሜትር አይደለም። የሁለት ከተሞች ርቀት በካርታ ላይ አንድና የማይለወጥ ቢሆንም፣ የጉዞው ሰዓት ግን ምድሩ በሚያስከትለው ዳገት፣ አየሩ በሚያመጣው ነፋስ፣ መንግሥታት በሚዘጉትና በሚከፍቱት ሰማይ፣ ከሁሉም በላይ መንገደኛው በእጁ በያዘው ወይም ባልያዘው ወረቀት የሚወሰን ነው። ከሸዋ ሮቢት በመካ አቅራቢያ ወዳለችው ጅዳ የሚደረገው ጉዞ ይህን ከብዙ የዓለም መስመሮች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል፤ በዚህ ጉዞ ውስጥ በሰዓት ሲቆጠር አጭሩ ክፍል በአውሮፕላን የሚታለፈው ነውና።

ከመንገዱ መጀመር ይገባል። ሸዋ ሮቢት በደሴ መንገድ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአየር መስመር፣ ማለትም ተራራና ሸለቆ ሳይቆጠር ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲለካ ግን በሁለቱ መካከል ያለው 165 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። የ60 ኪሎሜትሩ ልዩነት የመጣው ቆላውን ከደጋው ከሚለየው ታላቅ ገደል ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከተማ፣ የማሾና የማሽላ ማሳ፣ የሽንኩርትና የማንጎ አትክልት ከከበባት ሜዳ ተነሥቶ፣ በአርማንያ በኩል ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዘ ይወጣና፣ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በጣርማ በር ተራራ ውስጥ የፈለፈሉትን ዋሻ ሲያልፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ደርሷል። በዚህ አጭር የመንገድ ክፍል መንገደኛው ከ1,800 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው፤ በመነሻው በሸሚዝ የነበረ ሰው ጣርማ በር ላይ ጋቢ ይፈልጋል፣ ጉም በወረደ ጊዜ ደግሞ ሾፌሩ መብራት አብርቶ፣ ጭነት የከበደው የጅቡቲ ወይም የኮምቦልቻ መኪና ከፊቱ እየተንፏቀቀ፣ ለመቅደም ሳይደፍር በእግር እርምጃ ያህል ይነዳል። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሸኖና ሰንዳፋ ተራ በተራ አልፈው መኪናው ላምበረት መናኸሪያ እስኪገባ ድረስ፣ ደኅና በሆነ ቀን ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ የመንገደኛ ጄት አውሮፕላን በከፍታው ላይ በተለመደው ፍጥነቱ ሲበር ይህንኑ የ165 ኪሎሜትር ስፋት የሚያልፈው በ12 ደቂቃ ገደማ ነው።

ከቦሌ እስከ ጅዳ ያለው የአየር ርቀት 1,400 ኪሎሜትር ያህል ነው። የዘመኑ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ከ850 እስከ 900 ኪሎሜትር ስለሚበሩ፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ ያካፈለ ሰው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ያገኛል፤ በአየር መንገዶች የጊዜ ሰሌዳ ላይ የሚታየው ግን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ልዩነቱ ከስሌት ስሕተት የመጣ አይደለም። አየር መንገዶች የበረራን ርዝመት የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት መነሻ ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ መድረሻው ላይ ሞተሩን እስከሚያጠፋበት ድረስ ነው፤ ይህም በሙያው ብሎክ ታይም ይባላል። በዚህ ውስጥ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ የሚደረገው ዝግ ያለ ጉዞ፣ ተራ መጠበቂያው፣ ፍጥነት ሳይሞላ ሽቅብ የሚወጣበት ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ ቁልቁል የሚወርድበትና ለማረፍ ዞሮ የሚሰለፍበት ጊዜ ሁሉ ይገባል። እነዚህ ነገሮች ለአጭርም ለረጅምም በረራ እኩል ያህል ጊዜ ስለሚወስዱ፣ አጭሩን በረራ ከረጅሙ ይልቅ ይጎዱታል፤ ለዚህም ነው በአማካይ ሲሰላ ወደ ጅዳ የሚበር አውሮፕላን ወደ አሜሪካ ከሚበረው ይልቅ ቀስ ብሎ የሚጓዝ የሚመስለው።

የረጅሙ በረራ ነገር ሌላ ትምህርት አለው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለው ርቀት 11,500 ኪሎሜትር ገደማ ሲሆን፣ በግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ያገናኘ ሰው መንገዱ በሰሐራ ላይ ወደ ምዕራብ ተዘርግቶ አትላንቲክን በመካከሉ የሚያቋርጥ ይመስለዋል። ምድር ግን ክብ ናትና፣ በሉል ላይ ክር ወጥሮ የሚያይ ሰው አጭሩ መስመር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ላይ አልፎ፣ ሜዲትራንያንን ተሻግሮ፣ የስፔንንና የፖርቱጋልን ሰማይ ረግጦ ወደ ውቅያኖሱ እንደሚገባ ይመለከታል። ይህ መስመር ታላቅ ክብ ይባላል፤ በመሬት ማእከል በኩል ቢቆረጥ ሉሉን እኩል ለሁለት የሚከፍለው ክብ አካል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር ለዓመታት ነዳጅ ለመቅዳት ያርፍ የነበረው በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን መሆኑን የሚሰማ ሰው፣ አውሮፕላኑ ያለ ምክንያት ወደ ሰሜን የዞረ ሊመስለው ይችላል፤ ሲሰላ ግን በደብሊን በኩል መሄድ በአጭሩ መስመር ላይ የሚጨምረው ከ300 ኪሎሜትር ያነሰ ነው። ሸዋ ሮቢትና መካ ግን በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ስላሉ፣ የኬንትሮስ መስመር ራሱ የታላቅ ክብ ክፍል በመሆኑ፣ በእነርሱ መካከል ካርታውና ሉሉ አይጣሉም።

አውሮፕላኑ ሲሄድ በደብሊን አርፎ፣ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባ የነበረበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የቦሌ ከፍታ ነው፤ ማኮብኮቢያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሣው በክንፉ ላይ የሚፈሰው አየር፣ ሞተሩንም የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ የሚቃጠልበት አየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሙሉ መንገደኛና ጭነት ይዞ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ ከቦሌ መነሣት ይከብደዋል። ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። ከምድር ወገብ ርቀው በሚገኙት ኬክሮሶች ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ብርቱ የነፋስ ወንዝ አለ፤ በክረምታቸው ወራት ፍጥነቱ በሰዓት ከ200 ኪሎሜትር ሊያልፍ ይችላል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን ይህን ነፋስ በፊቱ ሲቀበል፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው ከጀርባው ያገኘዋል፤ ስለዚህም መልሱ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሂያጁ ከነማረፊያው 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጃል። ርቀቱ ብዙም አልተለወጠም፤ በዋናነት የተለወጠው አቅጣጫው ነው።

ነፋስና ከፍታ የተፈጥሮ ሥራዎች ናቸው፤ ሰው ሰማይን ሲዘጋ ግን ነገሩ ይለያል። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በኤርትራ ሰማይ አያልፉም ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳ የሚወስደው ቀጥተኛ መስመር ደግሞ በኤርትራ ላይ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ወደ ሰሜን የሚበር አውሮፕላን ወይ በሱዳን ወይ በጅቡቲ በኩል መዞር ነበረበት፤ ዙሪያው የሚያስከትለው የነዳጅ ወጪም ይሁን የሰዓት ብክነት በካርታ ላይ የሚነበብ አልነበረም። ሰላሙ ሲወርድ መንገዱ አጠረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ የዚያች አገር ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋና፣ ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮና ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች ወደ ቀይ ባሕር ጎን ለመዞር ተገደዱ። የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሦስት እጥፍ ገደማ ቢጨምርም መስመሩ ራሱ አሁንም በምድር ላይ ባለው ሰላምና ጦርነት የሚታዘዝ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ይፋት የሩቅ አገር መንገድ እንግዳ አይደለችም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው ዓረባዊ ሊቅ አል ዑመሪ የይፋትን ሱልጣኔት ስፋት ያስታወቀው በቀን ጉዞ ሲሆን፣ ርዝመቱ የ15 ቀን፣ ወርዱ የ20 ቀን መንገድ ነው ብሏል፤ የወላስማ ነገሥታት ብልጽግናም የተመሠረተው ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው የንግድ መንገድ በግዛታቸው በማለፉ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላም ከታጁራ የሚነሡ ግመሎች የአፋርን በረሃ አቋርጠው፣ ፈሬ ላይ አራግፈው፣ ጭነቱ በአህያና በበቅሎ በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ከታጁራ እስከ አንኮበር ያለው የአየር ርቀት 420 ኪሎሜትር ያህል ነው። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዙ የካፒቴን ሃሪስ ልዑክ ይህን ለማለፍ ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶበታል፤ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከታጁራ የተነሣው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ደግሞ አንኮበር የደረሰው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ራምቦን ያዘገየው የግመል እርምጃ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ያለበት ጉድጓድ ሲደርቅ፣ ባላባት ኬላ ላይ ሲያስቆም፣ የግመል ዋጋ ስምምነት ሲያጣ የሚባክነው ቀን ከተጓዘበት ቀን አያንስም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ንግዱ ሁሉ በድሬዳዋና በአዋሽ በኩል ሄደና፣ ለዘመናት የአገር በር የነበረው የይፋት ቆላ ከዋናው መንገድ ዳር ቀረ።

ዛሬ ከዚህ ቆላ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ሰው ሁለት ዓይነት መንገድ አለው። አንደኛው ሕጋዊው ሲሆን፣ ወደ ሐጅ የሚሄደውም ሆነ በሥራ ውል የሚጓዘው በዚሁ ያልፋል። ለሥራ የምትሄድ አንዲት የሸዋ ሮቢት ወጣት የልደት ካርድና መታወቂያ ከቀበሌዋ፣ ፓስፖርት ከኢሚግሬሽን፣ የጤና ምርመራ ከተፈቀደለት ተቋም፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ከምዘና ማእከል፣ ቪዛ ከኤምባሲ ማግኘት አለባት፤ ከእነዚህ አብዛኛዎቹ በትልልቅ ከተሞች የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ያንን የጣርማ በር ዳገት እየወጣችና እየወረደች ወራት ያልፋሉ። በስተመጨረሻ ቦሌ ስትደርስ፣ ከሁለት ሰዓት ትንሽ አለፍ ያለው በረራ ከኋላዋ ካለው ጉዞ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የአንድን መስመር የጉዞ ሰዓት በትክክል መናገር የሚፈልግ ሁሉ ይህን ቅድመ ጉዞ ጭምር መቁጠር ይኖርበታል።

ሌላው መንገድ በእግርና በጀልባ የሚደረገው ነው። ደላላ ያሰባሰባቸው ወጣቶች ከይፋትና ከወሎ ተነሥተው በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ይገባሉ፣ ከኦቦክ ዳርቻ በተጨናነቀ ጀልባ ባብኤል መንደብን ተሻግረው የመን ላይ ይወርዳሉ፣ ከዚያም በጦርነት ውስጥ ባለች አገር ርዝመት ሁሉ አልፈው ወደ ሳዑዲ ድንበር ያመራሉ። የባሕሩ መተላለፊያ በጠባቡ ስፍራ 30 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም በዚያው ላይ ብዙ ጀልባዎች ሰጥመዋል፤ በበረሃውም በውኃ ጥም የቀሩት፣ በየመን በአጋቾች እጅ ወድቀው ቤተሰባቸው ከብትና መሬት ሸጦ ያስለቀቃቸው ጥቂቶች አይደሉም። የጉዞው ርዝመት ሳምንታት፣ ለብዙዎችም ወራት ነው። ይህ መንገድ ከሞላ ጎደል የሃሪስና የራምቦ ግመሎች የተጓዙበት መንገድ በተቃራኒው መሆኑ ያሳዝናል፤ ከራሱ በላይ በ12 ደቂቃ ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ ያህል ርቀት የሚያልፍ አውሮፕላን እያየ፣ የይፋት ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት በነበረው ፍጥነት፣ ያውም ከቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ባነሰ ጥበቃ እንዲጓዝ ያደረገው የርቀት ጉዳይ አይደለምና። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ በወራት ስቃይ የሄዱበትን በሁለት ሰዓት በረራ ተመልሰው ቦሌ ላይ ወርደዋል።

ተመላሽ የማይሆነውም አለ። በዓረብ አገር የሞተ ሰው መርዶ በስልክ በዚያው ሰዓት ይፋት ይደርሳል፤ አስከሬኑ ግን የፖሊስ፣ የሆስፒታል፣ የአሠሪና የኤምባሲ ወረቀት ተሟልቶ እስኪመጣ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤተሰብ ድንኳን ጥሎ ወይም ሳይጥል ይጠብቃል፤ ቅርበትና ርቀት በእንዲህ ያለው ሐዘን ውስጥ የሚሰጠው ትርጉም ከኪሎሜትር ሠንጠረዥ ውጭ ነው።

የሰዓት አቆጣጠር ጉዳይም ከጉዞ ሰዓት ተለይቶ አይታይም። ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ስላሉ ከቦሌ ወደ ጅዳ የሚበር ሰው ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም፤ ዱባይ የሚወርድ አንድ ሰዓት ወደፊት፣ ዋሽንግተን የሚወርድ ደግሞ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደኋላ ይመልሳል፤ አሜሪካውያን በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚገፉ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነችው ኢትዮጵያ ግን ቀንና ሌሊቷ ከሞላ ጎደል እኩል በመሆኑ ይህን ማድረግ ስለማያስፈልጋት ነው ልዩነቱ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለዋወጠው። ለይፋት መንገደኛ ይበልጥ አደገኛ የሆነው ግን በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ነው። ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓ ቀንና በ24 ሰዓት ቆጠራ ሲሆን፣ በዚያ ቆጠራ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በኢትዮጵያ ልማድ ግን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ 01:30 የሚል ቲኬት የያዘ ሰው የሚበረው ሰኞ ማታ አልፎ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦሌ መገኘት ያለበት ሰኞ ምሽት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከሸዋ ሮቢት መነሣት ያለበትም ቢዘገይ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ማክሰኞ የሚለውን አይቶ ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ የወጣ ሰው፣ አውሮፕላኑ ጅዳ ካረፈ ሰዓታት አልፈዋል። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የቀኑን መለወጫ ግን ቲኬት የሚቆርጠው ባለሙያ በቃል ካላስረዳው የሚስተው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ማስረዳት እንደ ትሕትና ሳይሆን እንደ ሥራ ግዴታ መቆጠር የሚገባው።

ሌላው መቁጠር የሚያስፈልገው የመንገዱ አለመተማመን ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ሲዘልቅ የደሴ መንገድ ተቆረጠ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል። ያን ጊዜ የአራት ሰዓቱ መንገድ ማለቂያው የማይታወቅ ይሆናል፤ የበረራ ቀን የተቆረጠለት ሰውም ቲኬቱ እንዳይቃጠልበት ከሳምንት በፊት አዲስ አበባ ገብቶ በዘመድ ቤት ወይም በአልቤርጎ ይሰነብታል። በሰሜን በኩል የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ይሁን እንጂ ከሸዋ ሮቢት ወደዚያ ለመድረስም በዚያው መንገድ 150 ኪሎሜትር ያህል መጓዝ ስለሚጠይቅ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም በር አብረው ይዘጋሉ።

መውጫ ሊሆን የሚችለው ያለው በምሥራቅ በኩል ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ የገነባው፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የ392 ኪሎሜትር የባቡር መስመር በይፋት ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ በጦርነቱም ጉዳት ደርሶበት መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ቆይቷል። ይህ መስመር አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ጋር የሚገናኝ ሲሆን፣ ያኛው ደግሞ በአዳማና በቢሾፍቱ በኩል ያልፋል። የቦሌን መጨናነቅ ለማቃለል እንዲሠራ የታቀደው ታላቁ አውሮፕላን ማረፊያም ከቦሌ ዝቅ ባለ ስፍራ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ነው። ዓለም አቀፍ በረራዎች ወደዚያ በሚዛወሩበት ጊዜ፣ ባቡሩ የማይሠራ ከሆነ የሸዋ ሮቢት መንገደኛ ጣርማ በርን ወጥቶ፣ አዲስ አበባን ዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንደገና 40 ኪሎሜትር ያህል መውረድ ሊኖርበት ነው፤ ባቡሩ ከሠራ ግን ዳገቱን ሳይነካ፣ ዋና ከተማዋንም ሳይረግጥ፣ በቆላው ውስጥ በአዋሽ በኩል ዞሮ ወደ አውሮፕላኑ ለመቅረብ ይችላል። የማረፊያውን ንድፍ የሚሠሩ ሰዎች የአዲስ አበባን መንገደኛ እንዴት እንደሚያመጡ ሲያስቡ፣ የይፋትንና የወሎን መንገደኛ በዚህ ሐዲድ የሚያገናኝ ጣቢያም ከአሁኑ ሊያስቡበት ይገባል።